ከጅዳ የመጣው የልብ ኪኒን

ልቤ አመታቱ ልክ አይደለም። ደህና ሲሄድ ይቆይና አንዷን ይዘላል፤ ከዚያ የዘለላትን ሊያካክስ ይመስል ይጣደፋል። ደሴ ሄጄ ሐኪሙ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ አየውና የሚዋጥ አዘዘልኝ። "ይኼ ዕድሜ ልክዎን ነው" ሲለኝ፣ "ዕድሜ ልክማ ለወንጀለኛ ነው" ብዬ ተቆጣሁት። ቢሆንም እውጣለሁ።

ልጄ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። የልቤን ነገር ስትሰማ ማግኒዥየም የሚሉትን ኪኒን በትልቅ ነጭ ብልቃጥ ሙሉ ገዝታ፣ ዑምራ ሄዳ ከያዘችው ዘምዘምና ተምር ጋር ወደ ከሚሴ በሚመለስ ሰው ላከችልኝ። በስልክም፣ "አባዬ፣ ይኼ የሆስፒታሉን መድኃኒት አይተካም። ሐኪም ሳትጠይቅ እንዳትጀምረው" አለችኝ።

"እሺ፣ እሺ" አልኳት። አልጠየቅሁም።

እኛ ዘንድ ከመካ የመጣ ነገር ለብቻ አይበላም። ዘምዘሙ በሲኒ እየተቀዳ ይቀመሳል፣ ተምሩ ሊጠይቅ ለመጣው ሁሉ ይታደላል። የነፈገ ሰው በረካውን ያጣል። ብልቃጡ ከተምሩ ጋር በአንድ ሻንጣ ስለመጣ፣ እኔ እሱንም እንደ ተምሩ አየሁት።

ሊጠይቁኝ ከመጡት አንዱ የከብት ንግድ ሸሪኬ ነበር። ሰንበቴና ባቲ ገበያ አብረን እየነዳን ነው ያረጀነው። ኩላሊቱ ደክሟል ተብሎ ጨው ከተከለከለ ቆይቷል፤ ይህን አውቃለሁ። "ያ ኦቦሌሳ፣ አካም ጅርታ?" ብሎ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ ሰላም አለኝና ተቀመጠ። ዘምዘሙን ጠጣ፣ ተምሩን በላ፣ ዓይኑ ግን ብልቃጡ ላይ ቀረ።

"ያኛውስ?"

"የልብ ነው።"

"ልብ ያለህ አንተ ብቻ ነህ?"

"ያንተንማ ከበሬው ጋር ባቲ ሸጠኸዋል።"

"ስጠኝ እንጂ፣ አንተ ስስታም!"

ተሳሳቅን። መሐረቡን ተቀብዬ ዘገን አድርጌ ቋጠርኩለት። ስንት እንደሚዋጥ እንኳ አልነገርኩትም። እሱም እንደ ተምር ኖሯል ያየው፤ ደስ ሲለው ሁለት፣ ሲደክመው ሦስት ይውጣል።

ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ ከዳው። ለሶላት መቆም አቃተው፣ ንግግሩ ተጎተተ፣ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋ ጀመር። ልጁ ደሴ ወሰደው። ሐኪሞቹ ምን እንደዋጠ ሲጠይቁ ልጁ ደወለልኝ። "በመሐረብ የቋጠሩለት ምንድን ነው?" አለኝ። ብልቃጡን ይዤ መድኃኒት ቤት ሮጥኩ፤ አስነብቤ ነገርኩት። ደህና ኩላሊት የተረፈውን በሽንት ያወጣዋል አሉ፤ የእሱ ማውጣት አቅቶት በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ኖሯል። አላህ አተረፈው። ከአልጋ ሲነሳ ግን በምርኩዝ ሆነ።

ያኔ ነው እኔ ብልቃጡን ይዤ ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። ደሜን መረመረና፣ "የእርስዎ ኩላሊት ደህና ነው፤ በቀን አንድ ቢወስዱ አይጎዳዎትም። ለልብዎ ይጠቅማል ብዬ ግን አልምልም። የሆስፒታሉን እንዳያቋርጡ" አለኝ።

ሸሪኬ ድኖ በምርኩዙ እየተጎተተ ቤቴ መጣ።

"አፉ በለኝ" አልኩት።

"በምን?"

"በሰጠሁህ። የጣለህ እሱ ነው።"

"የጣለኝ የሆስፒታሉ መርፌ ነው!"

"መርፌውን የወጉህ ከወደቅህ ወዲያ ነው።"

"ደግሞ ሐኪም ሆንክ? ልጅቱ ከመካ የላከችውን መርዝ ልትለው ነው? ልጅቱን አትማት! እሱን ስውጥ እንቅልፌ እንዴት ያለ ነበር መሰለህ። ይልቅ ጨምርልኝ።"

"አልሰጥህም።"

"ምን አልክ?"

"ወላሂ አልሰጥህም።"

በአንድ ትሪ ስንበላ ኖረን፣ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሰምቶ አያውቅም። ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ ነበር።

"ለራስህ ግን ትውጣለህ" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ እውጣለሁ። ሊነሳ ሲታገል እጄን ዘረጋሁለት፤ አልያዘውም። በምርኩዙ ተነስቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ስሄድ "ተኝቷል" ይሉኛል። ከውስጥ ሲያስል እሰማዋለሁ። ጁምዓ ቀን መስጊድ ስንገናኝ ሰላምታዬን ሰው ስላለ ይመልሳል እንጂ ፊቱን አያዞርልኝም። ልጄ ስትደውል፣ "እሳቸውስ እንዴት ናቸው?" ትለኛለች። "ደህና ነው" እላታለሁ።

መከልከሌ ልክ ነው፤ ማንም ቢመጣ ይህን አልለውጥም። የሚቆጨኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። ያኔ "ይኼ ተምር አይደለም፣ ኩላሊትህን ሐኪም ይይልህ" ብዬ ብነፍገው ኖሮ ያው ይቀየመኝ ነበር። ግን ሰንበቴ ገበያ ድረስ በገዛ እግሩ ሄዶ፣ ለከብት ነጋዴው ሁሉ ስስቴን እያወራ ነበር የሚቀየመኝ።