ትልቁን ስክሪን የመረጥኩት እኔው ነኝ

ዛሬ ፈላና በር ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ የገዛ ሽንት ቤቴን ቱቦ ከጎረቤቶቼ ጋር በቀጥታ ስርጭት ተመለከትኩ።

የጋራ የፍሳሽ መስመራችን ተዘግቶ ነበር። እኔ ደግሞ ቀድሜ ፈርጃለሁ፦ ጥፋተኛው የጎረቤታችን የሐጂ ገራባ ነው፤ ቅመው የሚተርፋቸው የጫት ቅጠል።

የፍሳሽ ባለሙያው ቱቦ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ካሜራዎች ይዞ መጣ፤ አንዷ ባለ ትንሽ ስክሪን፣ ሌላዋ ባለ ትልቅ። «ትንሿ ትበቃለች፤ እኔ ካየሁት ምን ይጎድላል?» አለ።

«የለም፣ ባለ ትልቁ ስክሪን ይሁን። እውነት በአደባባይ ትታይ» አልኩ፣ እንደ ዳኛ ጉሮሮዬን ጠርጌ።

በርጩማ ወጣ፣ ግቢው ተሰበሰበ። ካሜራዋ በሐጂ መስመር ገባች፤ ንጹሕ ነው። ወደ እኔ ቤት ታጠፈች፤ በጥቁር ፌስታል የተቋጠረ ገራባ ቱቦውን ሞልቶታል።

ጫት መተዌን እዚሁ ገጽ ላይ ሳውጅ «ጎበዝ» ያላችሁኝ ወዳጆቼ፣ ይቅርታ።

ባለቤቴ ባለሙያውን «ወንድሜ፣ እስቲ ቀረብ አድርገው» አለችው።

ያዘኑልኝ ሐጂ ናቸው። «ልጄ፣ የእኔን ገራባ ፍየሎቼ ናቸው የሚበሉት። ያንተንም አምጣው፤ እነሱ ለማንም አይናገሩም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። የተከፈተው ማንሆሉ ብቻ ነበር፤ እሱም በእኔው ገራባ ሞልቷል።

እናንተስ፣ ሰው ልታጋልጡ ወጥታችሁ ራሳችሁን ያጋለጣችሁበት ቀን የለም? ጻፉልኝ፤ ብቻዬን አልፈር።