ቀለሙ ያልደረቀው ወንበር

ይህ ነገር የገጠመኝ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ካርቱም ውስጥ ቡሪ የሚባለው ሰፈር ስኖር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። ታምሜ ድኛለሁ፣ ከሥራ ተባርሬ ሌላ ሥራ ገብቻለሁ፣ አንዱንም ለሰው አውርቼ አላውቅም። ይሄኛው ግን አረንጓዴ ቀለም ባየሁ ቁጥር እየመጣ አላስቀምጥ ስላለኝ፣ እስቲ ይውጣልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ያኔ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባለው ሰፈር ላንድ ሀብታም ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እመቤቲቱን ሱቅ ለሱቅ አንከራትታለሁ። እረፍቴ አርብ ብቻ ነው። አገሬ ወልዲያ ነው፤ እናቴም እዚያው ናት፣ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ሄጄ ልያት ብዬ ፈቃድ ስጠይቅ አባወራው "ኢንሻላህ" ይሉኛል። እዚያ አገር የኖረ ሰው የአሠሪን ኢንሻላህ ያውቀዋል። ከዛሬ ነገ፣ ከረመዳን እስከ ዓረፋ እየተባለ ዓመቱ ያልቃል።

ባህሪዬን ልንገራችሁ። ሰው አልቀርብም። ሐበሾች ዐማራት የሚባለው ሰፈር ተሰብስበው ሲጫወቱ እኔ ዝር አልልም። ለምን ሲሉኝ "ሐሜት አልወድም" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሰው መሀል ስቀመጥ የምናገረው ይጠፋኛል። ስለዚህ አርብ አርብ የተከራየኋት ክፍል ውስጥ ተጋድሜ ጣራ ሳይ ነበር የምውለው።

ተሳቢው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ከእኛ ቤት ጎን ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ ሰው ነበር። ለሠርግም ለለቅሶም ዕቃውን በዝግ ተሳቢ ጭኖ ነው የሚያመላልሰው። ሰውየው ሥራውን ትቶ ወደ አገር ቤቱ ወደ ሰሜን ሲሄድ፣ ያ ተሳቢ ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ። "ካነሳኸው ያንተ ነው" ብሎ ሲሰናበተኝ ሳቀ። ለምን እንደሳቀ የገባኝ በሩን ስከፍት ነው።

ወይ ጉድ! በሩ ባንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። የወለሉ ኮምፔንሳቶ በስብሶ፣ ስረግጠው እግሬ አልፎ መሬት ነካ። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ኩሽኔታዎቹ ግራሶ ካዩ ዘመን የላቸውም። ጥግ ላይ ድመት ወልዳለች። ሰውየው ትቶት የሄደ አንድ ጥቅል የድንኳን ሸራና የተጣመሙ የብረት ወንበሮችም ነበሩበት። ድመቷ ልጆቿን እስክታሳድግ ጠብቄ ሥራ ጀመርኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። ካርቱም ውስጥ ሰው ቤት ሲቀይር ዕቃውን በክፍት መኪና ጭኖ ፍራሹም ልብሱም አቧራ ለብሶ ይደርሳል። ዝግ ተሳቢ ያለው ሰው ሥራ አያጣም። የሚጎትትልኝ መኪና በኪራይ አገኛለሁ። ከዚያ በኋላ የራሴ ጌታ ነኝ፣ የማንንም ኢንሻላህ ሳልጠብቅ እናቴን አያለሁ።

አርብ ጠዋት ስልክ ቤት እሄድና የጎረቤታችን የእትዬ ዘነበች ቤት እደውላለሁ። እናቴን ይጠሩልኛል።

"ያ ጎማ ያለው ቤትህ አለቀ?" ትለኛለች።

"ቤት አይደለም እማዬ፣ ዕቃ መጫኛ ነው።"

"በር የለውም?"

"አለው።"

"ጣራስ?"

"አለው።"

"ታዲያ ቤት ካልሆነ ምንድን ነው? በል ሲያልቅ እሱኑ እየነዳህ ና።"

እኔም ከስልክ ቤት ስመለስ በአዲስ ጉልበት መፋቅ እጀምራለሁ። የበሰበሰውን ወለል ነቅዬ ጣልኩ። ከሥሩ ያሉትን ብረቶች በሽቦ ብሩሽ ፍቄ ዝገቱን አወረድኩ፤ የተበላውን ብረት አስበየድኩ። ሌላውን ሁሉ ራሴ ነኝ። አዲሱን ኮምፔንሳቶ ስቆርጥ መጀመሪያ ለክቼ አበላሸሁት፣ የተሳቢው ሳጥን ጠምሟል ለካ፤ አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝማል። ዋናው ፈተና ግን ጣራው ነበር። ቀዳዳው ከላይ ሲያዩት አይታወቅም። ስለዚህ ቀትር ላይ ውስጥ እገባና በሩን ዘግቼ ጨለማው ውስጥ እቀመጣለሁ። ብርሃን የሚያስገባችዋን ሁሉ በጠመኔ እከባለሁ። ሙቀቱ ያፍናል። ቢሆንም እዚያ መቀመጥ ወደድኩት፤ አንዳንዴ ቀዳዳው ሁሉ ተከቦ ካለቀ በኋላም አልወጣም ነበር።

ጣራውን ደፍኜ ወደ ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት ስደርስ እናቴ ስልክ ላይ መቅረብ አቆመች። እትዬ ዘነበች "ጸበል ሄዳለች" አሉኝ። በሚቀጥለው አርብም ጸበል ናት። በሌላው አርብ ደግሞ ገበያ። አርብ ቀን ምን ገበያ አለ? ልቤ ፈራ፤ ግን መጠየቅ አቃተኝ።

አንድ አርብ ስልኩን የእትዬ ዘነበች ትንሿ ልጅ አነሳችው። "እማዬን ጥሪልኝ" አልኳት። "የእርስዎ እናት ሞተዋል እኮ፣ ከቀበርናቸው ቆየን" አለችኝ። ወዲያው ስልኩ ከእጇ ተነጠቀ። እትዬ ዘነበች ናቸው። "ኧረ ውሸት ነው! ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች! ትንሽ አሟት ነው…" እያሉ ድምፃቸው ተሰበረ፣ መስመሩም ተቋረጠ።

እኛ ዘንድ መርዶ ለሰው ብቻውን አይነገርም። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ የሚይዝ ሰው ቆሞ ነው። እኔን ለዚያ ነበር የሚያቆዩኝ፤ አገር ስገባ ሊነግሩኝ። እኔ ግን ስልክ ቤት፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ቆሜ ከሕፃን አፍ ሰማሁት። ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቅ ሰውዬ መስታወቱን እያንኳኳ "ያላ!" ይለኛል።

አላለቀስኩም። እንባው እምቢ አለ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማን ልናገር? በማግስቱ ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረስኩ። ሳምንቱን ሙሉ ውስጤን የበላኝ አንድ ነገር ነው። ያቺ ሴት ያለ አባት አሳድጋኝ፣ አንድ ልጇ ለቅሶ ሳይቀመጥላት ልትቀር ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ለቅሶ ብቀመጥ ማን ደርሶ "እግዜር ያጥናህ" ሊለኝ?

በቀጣዩ አርብ ስልክ ቤት የምሄድበት ጉዳይ ስላልነበረኝ በማለዳ ቀለም ጀመርኩ። አረንጓዴ ነው። የካርቱም ፀሐይ ደግሞ እርጥብ ቀለም ካገኘች ታሳብጠዋለች፣ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። አሮጌውን የድንኳን ሸራ አወጣሁና አንዱን ጫፍ ከተሳቢው ጣራ፣ ሌላውን ከኒሙ ዛፍ አስሬ ጥላ ሠራሁ። የመንገዱን ግማሽ ሸፈነው። ተሳቢውን ቀብቼ ስጨርስ ቀለም ተረፈኝ። ወንበሮቹን አውጥቼ አቃናሁና እነሱንም ቀባሁ። በመሀላቸው እንድመላለስ ብዬ ሁለት ረድፍ አድርጌ ፊት ለፊት ደረደርኳቸው።

በዚያ ከተማ ያን ያህል ዓመት ኖሬ ይሄን አለማስተዋሌ! ካርቱም ውስጥ አርብ ቀን መንገድ ላይ ሸራ ተወጥሮ፣ ከሥሩ ወንበር ፊት ለፊት ተደርድሮ፣ ዘፈንም ሴትም ከሌለ ለቅሶ ነው። ያውም የድንኳን አከራዩ ተሳቢ ከጎኑ ቆሞ። እኔ ውስጡ ሆኜ የሚታየኝ ቀለሙ ብቻ ነበር።

የጁምዓ ሶላት እንዳበቃ ሐጅ እድሪስ መጡ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት "ሰላም ዓለይኩም" ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። ለአርብ የታጠበ ነጭ ጀላቢያ ለብሰዋል። ከሸራው ሥር ገቡና ቆሙ፤ ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው "አልፋትሓ" አሉ። ሱዳን ውስጥ ለቅሶ የሚደረሰው እንዲህ ነው።

እኔ ብሩሽ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ምን ላድርግ? ይሉኝታ ያዘኝና እኔም እጄን ከነብሩሹ ዘረጋሁ። እሳቸው ፋትሓቸውን ሲደግሙ እኔ በከንፈሬ አባታችን ሆይ አልኩ። ጨርሰው ትከሻዬን ያዙና "ማን ሞተብህ፣ ያ ወለዲ?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"ኧረ ማንም አልሞተ፣ ቀለም እየቀባሁ ነው" ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እናቴ" አልኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው መናገሬ ነበር። ሐጅ እድሪስ ብሩሹን ከእጄ ተቀብለው ቆርቆሮው ላይ አስቀመጡ፤ እኔን ከጣሳዎቹ መሀል ደረቅ ሳጥን ላይ አስቀመጡኝና ራሳቸው ከጎኔ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። "እርጥብ ነው!" ለማለት እንኳ አልደረስኩም። ማልቀስ ጀምሬ ነበር። እንዴት ያለ ለቅሶ መሰላችሁ! "እናቴ፣ እናቴ" እያልኩ በአማርኛ እጮሃለሁ፤ ቋንቋውን የሚሰማ አንድ ሰው የለም።

ከመስጊድ የሚመለሰው ሁሉ ሸራውን ባየ ቁጥር እየገባ መዳፉን ይዘረጋል፣ "አል-በረካ ፊኩም" ይለኛል፣ የእነሱ እግዜር ያጥናህ ነው፤ ከዚያ ይቀመጣል። የሐጅ እድሪስ ሚስት ውሃ በጆግ አመጡ። ትንሽ ቆይቶ ከየበሩ የምግብ ትሪ መውጣት ጀመረ። ስሜን የማያውቁ ሰዎች ጭንቅላቴን እየደገፉ "ጠጣ፣ ጠጣ" ይሉኛል።

ለቅሶው ሲበርድልኝ ድንጋጤ ያዘኝ። የሰው ሐዘን ያጭበረበርኩ መሰለኝ። ወደ ሐጅ እድሪስ ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

"ያ ሐጅ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይሄ የለቅሶ ድንኳን አይደለም። ቀለሙን ፀሐይ እንዳይመታው ነው የወጠርኩት። እኔም ክርስቲያን ነኝ።"

ቀና ብለው ሸራውን አዩ፣ ተሳቢውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"እናትህ አልሞተችም?"

"ሞታለች።"

"እንግዲያው ተቀመጥ" አሉኝ።

አመሻሽ ላይ ሊሄዱ ሲነሱ ጀላቢያው ከወንበሩ ጋር ተያይዞ "ቸር" አለ። ጀርባቸው ላይ ሁለት ወፋፍራም አረንጓዴ መስመር! ሚስታቸው ከወዲያ ማዶ አይተው "ያ ራጅል!" ብለው ጮሁ፤ አንተ ሰውዬ እንደማለት ነው። ዞር ብለን ብናይ ለካ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ተዥጎርጉሯል። ሐጅ እድሪስ ሳቃቸውን ለመዋጥ ጢማቸውን ያዙ። እኔ ግን አልቻልኩም፣ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። ከዚያ አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ እናቴ ብታይ ከሁላችን በላይ እንደምትስቅ አሰብኩና መልሼ አለቀስኩ።

በአገሩ ደንብ ሦስት ቀን ተቀመጥን። አል-ጣኢፍ ድረስ ሄደው ለአሠሪዎቼ የነገሩልኝም ሐጅ እድሪስ ናቸው። ዓመታት ሙሉ ኢንሻላህ የተባለው ፈቃድ ያኔውኑ ተሰጠኝ። በሕይወት ሳለች ልያት ብዬ ስለምናቸው የከለከሉኝን ለመቃብሯ ፈቀዱልኝ። እሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወልዲያ ሄጄ መቃብሯን አይቼ ተመለስኩና በተሳቢዬ የሰው ዕቃ ማመላለስ ጀመርኩ።

የሐጅ እድሪስ ጀላቢያ ቀለሙ አልለቅ ብሎ የቤት ልብስ ሆነ። ማታ ማታ ደጃቸው አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋቸው ላይ ሲቀመጡ ይለብሱታል። እኔ ተሳቢዬን አስጎትቼ ሳልፍ ዞር ይሉና ጀርባቸውን ያሳዩኛል፤ "ካሳዬን መቼ ነው የምትከፍለኝ፣ ያ ሐበሺ?" ይሉኛል። እኔም "ኢንሻላህ" እላቸዋለሁ። ሌላ ብዙ ወሬ አልነበረንም። ግን ካርቱም ውስጥ ቤቴ ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ የመሰለኝ በዚያ ጊዜ ብቻ ነው።

እሳቸውም ሞቱ። ሸራውንም ወንበሮቹንም በዚያው ተሳቢ ጭኜ ደጃቸው ወስጄ የወጠርኩት እኔ ነኝ። ሰው እየመጣ መዳፉን ሲዘረጋ እኔም ከልጆቻቸው ጋር ተሰልፌ ቆሜ ተቀበልኩ። ማንም ለምን አላለኝም።

አሁንም ብቻዬን ነኝ፤ ባህሪ መቼም አይለቅም። አርብ ጠዋት አሁንም ልደውል እነሣና የምደውልለት እንደሌለ ትዝ ይለኛል። ተሳቢውን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወለሉን ቀይሬዋለሁ፣ ቀለሙንም አድሼዋለሁ፤ ወንበሮቹንም እንዲሁ። አንዱ ወንበር ግን አለ፣ መደገፊያው ላይ የሐጅ እድሪስ ጀላቢያ ቀለሙን ልጦ የወሰደበት ሁለት መስመር ባዶ ብረቱ ይታያል። ዝገት ጀምሮታል። ብሩሽ ይዤ ስንት ጊዜ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ እሱን ግን አልቀባውም።