የሽማግሌዎቹ ጋቢና የጋሽ መኩሪያ ቱቦ

ነገሩ በጠቅላላው ያስወጣኝ ሦስት አዳዲስ ጋቢ፣ አንድ ጥንድ ጫማና የአንድ ሳምንት የምግብ ፍላጎቴን ነው። አስቀድሜ የምናገረው ነጋዴ ስለሆንኩ ነው፤ ነጋዴ ወጪውን ሳይናገር ወሬ አይጀምርም።

ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን ወደ ሱቄ የገባ አንድ የእኛው አገር ልጅ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ የአርቪ ዕቃ እሸጣለሁ። አርቪ ማለት ያ አልጋውንም ምድጃውንም ሽንት ቤቱንም ተሸክሞ የሚሄደው፣ ቤት ነው ስትሉት መኪና፣ መኪና ነው ስትሉት ቤት የሚሆንባችሁ ፍጥረት ነው። ልጁ የተጠቀመበትን የሽንት ቤት ፍሳሽ ቱቦ በገበያ ከረጢት ጠቅልሎ መጣና ምሳዬን ከምበላበት ባንኮኒ ላይ ዘረገፈው። "ጋሼ፣ ሪፈንድ አድርግልኝ፤ ሊክ ያደርጋል" አለኝ። ማፍሰሱንማ አየሁት፤ ከምስር ወጤ አጠገብ ነው ሊክ ያደረገው። ሰው ያንን ነገር በእጁ ይዞ፣ በመኪናው ጭኖ፣ የሰው ገበታ ላይ አስቀምጦ ገንዘቤን መልስልኝ ሲል ፊቱ ቅንጣት አይለወጥም። ጨርቅ ይዤ አፍንጫዬን ልሸፍን ስል ግን ሽታው ቀደመኝና፣ ማጅራቴን ይዞ ሃያ ሰባት ዓመቴ ወደነበረበት ወደ አንድ የሳን ሆዜ ቅዳሜ ወሰደኝ።

በዚያን ዘመን ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። እሳቸው ሽቶና መነጽር፣ እኔ ካልሲና ዣንጥላ እየሸጥን፣ አንድ ሳምንት ኮንኮርድ፣ አንድ ሳምንት ሳን ሆዜ፣ በእሳቸው አሮጌ አርቪ ገበያ ለገበያ እንዞር ነበር። ጋሽ መኩሪያ ዕቃ ሲገዙ ርካሽ ይሁን፣ ረጅም ይሁን ይላሉ፤ ለየብቻው የሚሸጥ ነገር ካለው ደግሞ እሱ ይቅር። የአርቪውን የፍሳሽ ቱቦ የገዙትም በዚሁ ሕግ ነው። ከመደርደሪያው ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳውን መረጡ፤ "ቱቦ ቱቦ ነው፣ ምን ታማርጠዋለህ" አሉኝ። አቡጀዲ የሚገዙ ይመስል "ረጅም ይተርፋል እንጂ አያንስም" ብለው ከሁሉም ረጅሙን አስቆረጡ። ለሁለቱ ጫፎች የሚሆን ክዳን ለብቻው እንደሚሸጥ ሻጩ ሲነግራቸው ደግሞ ሳቁበት፤ "ባዶ ቱቦ ምኑ ይከደናል?"

ዛሬ ለደንበኛ ሁሉ የምናገረውን ያን ጊዜ የሚነግረን አልነበረም። ቱቦ ወፍራም ይሁን፤ የሳሳው አንድ ቀን ጫማ ላይ ይፈነዳል። ልክ ይሁን፤ የረዘመው መሬት ላይ ሆዱን አንጥፎ ይተኛና በሆዱ ውስጥ ስሙን የማልጠራው ነገር ይቀራል። በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ ጫፍና ጫፉ ይከደን፣ ከመጠጥ ውኃው ቱቦም ከልብስም ርቆ ለብቻው በሚዘጋ ሣጥን ይቀመጥ። ባዶ ቱቦ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ መኩሪያ ግን ቱቦውን እኛ ሁላችን ሁሉን ነገር የምናስቀምጥበት ውስጥ አስቀመጡት፤ የጤፍ ማዳበሪያ ውስጥ። ጤፉ ሲያልቅ ጫማ፣ ጫማው ሲወጣ መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ሲሰጥ የልጅ ልብስ የሚገባበት ያ ነጭ ማዳበሪያ፣ አፉን በሲባጎ ካሰሩት ለእሳቸው ካዝና ነው። የማዳበሪያ ሽመና ውኃ እንደማይዝ ያልተወለደ ሕፃን ያውቃል።

ሮማንን የተዋወቅኳት በዚሁ በሳን ሆዜው ገበያ ነው፤ ዣንጥላ ልትገዛ መጥታ ዋጋ ተከራከረችኝ። በሐምሌ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዣንጥላ የሚገዛ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ ሌላ ጉዳይ አለው፤ ሮማን ደግሞ ሞኝ አልነበረችም። አባቷ አቶ ደምሴ አገር ቤት የጉምሩክ ሹም የነበሩ፣ እዚህ የሆቴል እንግዶችን መኪና እየተቀበሉ የሚያቆሙ፣ ሳሎናቸው ነጭ ምንጣፍ ያነጠፉ ሰው ናቸው። ያንን ምንጣፍ በጫማው የረገጠ ዘመድ ከዘመድነት ተሰርዟል ይባላል። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ "ካልሲ ሻጩ" ነው የሚሉኝ። ሮማን እንደነገረችኝ ዕቅዳቸው ሽማግሌዎቼን ሁለት ሦስት ጊዜ አመላልሰው በመጨረሻ "አይሆንም" ማለት ነበር፤ በጎን አንድ ፋርማሲስት አዘጋጅተውላት ነበር። እሷ ደግሞ ያለ አባቷ ቃል አታገባም። ስለዚህ ያለኝ ተስፋ በሙሉ ሽማግሌዎቹ ላይ ነበር።

ሦስት መረጥኩ። አንደኛው ጋሽ መኩሪያ። ሁለተኛው ሐጂ ሰኢድ፣ ወሎዬ ባለ ታክሲ፣ ለሶላት ሲታጠቡ ቧንቧው የሚሰለቻቸው፣ በንጽሕና ነገር የማይቀለድባቸው ሰው። ሦስተኛው አባ ወልዴ፣ ንግግር አዋቂ ቄስ፤ ያን ሳምንት ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው እንደ በር ተቀርቅሯል። ሽማግሌ በሥራ ጃኬት አይሄድም ብዬ ከአዲስ አበባ በመንገደኛ ሦስት ጋቢ አስመጣሁ። የምድጃው ዘይት እንዳይሸትባቸው ብዬ፣ እኔው በእጄ፣ በማዳበሪያ አድርጌ ከውጭ በሚከፈተው የአርቪው የጎን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

በአርቪው የሄድነው ጋሽ መኩሪያ ስኳር ስላለባቸው ነው፤ የ880 አውራ ጎዳና በመኪና ብዛት ሲዘጋ ስለ ሰው ፊኛ ግድ የለውም። ጠዋት ላይ ታዲያ "የሰው ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ ሽማግሌ ንጹሕ ሽንት ቤት ይገባዋል" ብለው የሽንት ቤቱን ጋን ሊያራግፉ ፍሳሽ ወደሚለቀቅበት ጣቢያ ወሰዱን። ቱቦውን ሲነቅሉት በሆዱ የቀረው ሁሉ ጫማዬ ላይ መጣ። ጫማዬን እዚያው ጥዬ በነጠላ ጫማ ነዳሁ። ቱቦው ተንጠባጥቦ ሳያበቃ ወደ ማዳበሪያው፣ ማዳበሪያው ወደ ጎን ሣጥኑ፣ የጋቢዎቹ ማዳበሪያ ላይ ገባ። እስከ ሳን ሆዜ ፀሐዩ ሣጥኑን ሲያበስለው እኛ ምንም አልሸተተንም፤ ያ መኪና ሁልጊዜም ይሸት ስለነበር አፍንጫችን መቁጠር ትቶ ነበር።

አቶ ደምሴ በር ላይ ስንደርስ ጋሽ መኩሪያ ጋቢዎቹን አውጥተው አደሉ፤ ሰዓት አልፎብን ስለነበር እርጥቡን ማንም ልብ ሳይል ለብሰው ገቡ። እኔ ከመሪው አልወረድኩም፤ ጠያቂው ራሱ በዚያ ቀን በዚያ በር መታየቱ ነውር ነው። ከገቡ በኋላ የተከፈተውን ሣጥን ልዘጋ ስወርድ ነው ያየሁት። የቱቦው ማዳበሪያ ተጋድሞ፣ የሣጥኑ ወለል ቡናማ ኩሬ ሆኖ፣ የጋቢው ማዳበሪያ እንደ ስፖንጅ ጠጥቶ ተጨማትሮ ቀርቷል። ሁለት እርምጃ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ይሉኝታ መለሰኝ። ቆሜ ሳይ የሳሎኑ መስኮት ተከፈተ። ቀጥሎ የጓዳው። ቀጥሎ ፎቅ ላይ ያለው። ስልኬ ጮኸ፣ ሮማን ናት፣ በሹክሹክታ።

"አንተ! ምንድነው ያመጣችሁብን?"

"ምን ምን ይላል?"

"ምን ምን ይላል ትለኛለህ እንዴ! እማዬ የእኛ ሽንት ቤት የፈነዳ መስሏት ፍላሽ እያደረገች ነው!"

"ጋቢው ነው። አውልቁ በያቸው።"

"እኔ? ጓዳ ተደብቄ? ጤነኛ ነህ?"

"ተቀምጠዋል?"

"አልተቀመጡም። አባዬም ተቀመጡ አላለም።"

በወጉ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ባለቤቱ ተቀመጡ እያለ ይለምናል፣ እነሱ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላሉ። ያልተለመነ ሽማግሌ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። አቶ ደምሴ ግን ያዩት ነጩን ሶፋቸውን ነበር።

ከዚያ በኋላ ውስጥ የሆነውን ሐጂ ሰኢድ ናቸው የነገሩኝ። አባ ወልዴ፣ ከሁሉም ብቻቸውን ምንም ያልሸተታቸው፣ ንግግሩን ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩት። ኖኅ ጋ ሲደርሱ የሮማን እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ሐጂ አንገታቸውን ወደ ገዛ ትከሻቸው ዘንበል አድርገው አሸተቱና ወደ ጋሽ መኩሪያ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

"መኩሪያ፣ ከእኛ ነው።"

"ዝም በል ሰኢድ።"

"ነጃሳ ነው እኮ የለበስነው!"

"አውልቀህ የት ልታደርገው ነው? ምንጣፉ ላይ?"

ሐጂ ምንጣፉን አዩ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ። አባ ወልዴ አብርሃም ለይስሐቅ ሚስት ፍለጋ ሎሌውን የላከበት ደርሰው፣ ግመሎቹን አንድ በአንድ ውኃ ሊያጠጡ ሲሰናዱ፣ አቶ ደምሴ እጃቸውን አነሱ።

"አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግመሎቹ ጠጥተዋል። ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። ምሳው ጓሮ ይሁን።"

ከውጭ ሆኜ እልልታውን ሰማሁ፤ ነጠላ ያፈነው፣ አጭር እልልታ። እምቢ ቢሉ ሽማግሌ ቆሞ ይለምናል፣ በሳምንቱም ያንኑ ጋቢ ለብሶ ይመለሳል፤ የሚያስወጣቸው እሺ ማለት ብቻ ነበር። ለሽማግሌ የተሰጠ ቃል ደግሞ አይመለስም። ፋርማሲስቱ በዚያው ቀረ። አቶ ደምሴ እስኪሞቱ ድረስ በየበዓሉ ይወጉኝ ነበር፤ "ካልሲ ሻጩ፣ ልጄን ለአንተ የሰጠሁ እንዳይመስልህ። በንጹሕ አየር ነው የለወጥኳት።" ንግድ እንደሚችሉ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ልጄ ይህን ስነግረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ "ዳድ፣ ሲሸታቸው በቃ ለምን ሊቭ አድርገው አልወጡም?" እሱ ማግባት ሲፈልግ ቴክስት ያደርጋል። ሐጂ ሰኢድ ያን ቀን ቤታቸው ገብተው እስኪመሽ ሲታጠቡ እንደዋሉ የሰማሁት ከሚስታቸው ነው፤ እሳቸው አንድ ቀን "ላንተ ብዬ" ብለውኝ አያውቁም። ዛሬ ሱቅ አለኝ፣ ደንበኛ አለኝ፣ ስልኬ ውስጥ የማላውቀው ሰው ስም ሁሉ አለኝ። በዚያ ሽታ ውስጥ ለእኔ ብሎ የሚቆም ሽማግሌ ፈልግ ብባል ግን እዚሁ ኦክላንድ ዙሪያ ከኒውአርክ እስከ አልባኒ ዞሬ አንድ አላገኝም።

ለባለ ቱቦው ልጅ ገንዘቡን መለስኩለት። ቱቦውን በጓንት ይዤ ጣልኩት፣ ምሳዬንም ከነሳህኑ ጣልኩት፣ ባንኮኒውን በበረኪና አጠብኩ። ወፍራምና አጭሩን ቱቦ ሰጥቼው፣ ሁለቱን ክዳኖች በነጻ ጨመርኩለት። "ክዳኑ ለምኔ ነው?" አለኝ። "ለሽማግሌዎችህ" አልኩት። እንዳበደ ሰው አይቶኝ ወጣ።

ሦስቱ ጋቢዎች ያኔውኑ ተቃጠሉ። ጋሽ መኩሪያ፣ ሐጂ ሰኢድና አባ ወልዴ ዛሬ የሉም። ሮማን አለች።