የካንጋተኑ ኖዝል

ይህ የሆነው ከሰባት ዓመት በፊት፣ በየካቲት ሙቀት ነው። ብዙ ሞተር ጠግኛለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ልቤ ተሰቅሎ አያውቅም።

ያኔ ጂንካ ውስጥ የመካኒክነት አስተማሪ ነበርኩ። በኦሞ ወንዝ ዳር ባለችው ካንጋተን የውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ጄኔሬተር ቆሞ፣ ሕመምተኛ ሳይቀር ድፍርሱን የኦሞ ውሃ እየጠጣ ነው ተባለና ላኩኝ።

የጄኔሬተሩ ኦፕሬተር ሎኮሪ የሚባል ረጅም ጎልማሳ ነው። ከመኪና ስወርድ አየኝና፣ «አንቺ ብቻ ነሽ የመጣሽው?» አለኝ። «እኔ ብቻ ነኝ» አልኩት።

ፈትቼ ሳየው ችግሩ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ነበር። ኖዝሉና መያዣው የሚገጥሙበት ጠፍጣፋ ፊት ተቧጭሮ፣ ናፍጣው በጭረቱ ያመልጣል። ብረቱ ደግሞ ሞረድ የማይደፍረው ጠንካራ ነው። አዲስ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል።

ከወረዳው ቢሮ ለጥ ያለ ወፍራም የጠረጴዛ መስታወት አስመጣሁ። ከጂንካ የያዝኩትን፣ ብረት የሚፍቅ ዱቄት ያለበትን ማለስለሻ ቅባት በናፍጣ አቅጥኜ ቀባሁበት። የኖዝሉን ፊት ደፍቼ፣ ስምንት ቁጥር እንደሚጽፍ ሰው እያዞርኩ ማሸት ጀመርኩ። መጫን የለም፤ መቸኮልም የለም። አሸዋ እንዳይገባ በርና መስኮቱን ስለዘጋን ክፍሉ እንደ ምድጃ ነደደ። ሎኮሪ አዝኖልኝ በካርቶን ሊያራግብልኝ ሲል ጮህኩበት።

«ተው! አንዲት ቅንጣት አሸዋ ትበቃናለች!»

በየመሃሉ ፊቱን በማርከር እቀባና እንደገና አሻለሁ። ቀለሙ በአንድ በኩል ከቀረ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። ቀረ። ደግሜ አሸሁ፤ አሁንም ጠርዙ ላይ ቀረ።

«ይሄ ብረት እንቢ አለ» አለ ሎኮሪ።

«እኔም እንቢ ብያለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ለቀቀ። መያዣውንም እንደዚያው አሸሁት። ዱቄቱ ይበልጥ በደቀቀ ሌላ ቅባት ስጨርሳቸው ሽፋሽፍቴን አየሁባቸው። አጥቤ ሁለቱን ገጠምኩና የላይኛውን ብቻ ይዤ አነሳሁ። የታችኛው ተጣብቆ አብሮ ተነሳ!

«ሙጫ አደረግሽበት?» አለ ሎኮሪ።

«ምንም የለውም፤ ፊታቸው ለጥ ስላለ ነው የተጣበቁት፤ ራስህ እየው!»

ገጣጠምነው። ሎኮሪ እጀታውን አሽከረከረ። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተነሳ። ውሃው መጀመሪያ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ቆይቶ ጠራ። ጀሪካን ይዘው ሲጠብቁ የነበሩ ሴቶች በእልልታ አቀለጡት። ሎኮሪ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጮኾ ነገራቸውና ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ምን አልካቸው?»

«ይቺ ሴትዮ ብረት አሸነፈች አልኳቸው።»

ከዚያ ወዲህ የምስክር ወረቀትም፣ ሽልማትም ተሰጥቶኛል። አንዱም እንደዚያች ቃል አላኮራኝም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ።