ሜሮንን የጠየቀችው ሴት

በዚያ ቀን በክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ሜሮን፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ እትዬ አስቴር፣ ስም እየጠራ ሰው ወደ መድረክ የሚያወጣ ጢማም ወጣት፣ ታጣፊ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሃያ የሚሆኑ ፈረንጆች፣ እና በሩ አጠገብ ቆማ የምትሰማ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሽበታም ሴት ነን። ባለቤቴ ግርማ አልነበረም፤ ትራኩን ይዞ መንገድ ላይ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች ያደረግሁትን የሚያውቅ አንድም የለም። ለግርማ አልነገርኩም። ለፓስተራችን አልነገርኩም። ስጸልይ እንኳ ዙሪያውን እየዞርኩ “በደሌን ይቅር በል” እላለሁ እንጂ በደሉን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አሁን እጠራዋለሁ። የልጄን ዕድል ሰርቄያለሁ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በሽተኛ በማንሳትና በማጠብ ሥራ ልጄን አሳደግሁ። ሜሮን ፍሪድሊ በምትባል የአጠገባችን ከተማ፣ የሕክምና ዕቃ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። በምሳ ሰዓቷ ሌሎቹ ሲያወሩ እሷ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ልቦለድ ነው፣ በእንግሊዝኛ። አራት ዓመት ጻፈችው። ሲያልቅ ለኤጀንቶች መላክ ጀመረች። ኤጀንት ማለት የደራሲውን መጽሐፍ ይዞ አሳታሚ ዘንድ የሚቀርብ ሰው ነው፤ ያለ እሱ ትልልቆቹ አሳታሚዎች አያዩሽም አለችኝ። ስማቸውን ደብተር ላይ ደርድራ እምቢ ያላትን በቀይ ትሰርዛለች። ብዙዎቹ ጭራሽ አይመልሱም። “ዝም ካሉም ያው እምቢ ነው፣ ማሚ” ትለኝና ትስቃለች። እኔስ ምን እላት ነበር? “ነርሲንግ ተማሪ፣ ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ያዢ” እላት ነበር። አንድ ቀን እንኳ “አንብቢልኝ” ብያት አላውቅም።

ጎረቤታችን ሴንት ፖል ከተማ በተዘጋጀ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ላይ ጀማሪ ጸሐፊዎች አምስት አምስት ደቂቃ እንዲያነቡ ሲፈቀድ፣ እንድመጣላት ለመነችኝ። ፈረንጅ መሐል ብቻዬን መቀመጥ ስለምፈራ እትዬ አስቴርን ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ስለ ፓርኪንጉ ተጨነቅሁ። ያቆምንበት ቦታ አይፈቀድ ይሆን፣ መኪናውን ቶው አድርገው ጎትተው ይወስዱት ይሆን እያልኩ አስቸገርኳቸው። እትዬ አስቴር፣ “መኪናውን ቢወስዱት በአውቶቡስ እንገባለን። አንቺን ግን ዘነቡ፣ ከነጭንቀትሽ ማን ይወስድሽ ይሆን?” አለችኝ። ሜሮን ሳቀች። ያንን ሳቋን አስታውሰዋለሁ፤ በጣም ደስ ብሏት ነበር።

ከዚያ ስሟ ተጠራና ወጥታ አነበበች።

እንግሊዝኛዬ ስብርባሪ ነው። ያነበበችውን ግን ከመጀመሪያው መስመር ገባኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷን ይዛ ክሊኒክ ገብታለች። ሐኪሟ እናትየውን ታይና ፊቷን ወደ ልጅቷ ታዞራለች። “የሕፃኑ ልብ ቆሟል፤ ለእናትሽ ንገሪያት” ትላለች። ልጅቷ ቃሉን በአማርኛ አታውቀውም። እናቷን ላለማየት የእናቷን ጫማ እያየች ትነግራታለች።

ያቺ እናት እኔ ነኝ። በዚያን ቀን ክሊኒኩ አስተርጓሚ ሊጠራልኝ ነበር። አስተርጓሚዋ ሐበሻ ናት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታወራዋለች ብዬ ፈራሁና እምቢ አልኩ። “ልጄ አለች” አልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጄን በመካከላችን አቆምኳት። ግርማ በሽተኛ ማንሳቱን እንድተው ለምኖኝ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬው ተደብቄ እሠራ ነበር። ማርገዜን ገና አልነገርኩትም ነበር። ሕፃኑን የገደለው ሥራሽ ነው እንዳይለኝ ፈራሁ። ሜሮንን መኪና ውስጥ እጇን ይዤ፣ “ለአባትሽ እንዳትነግሪ፣ ለማንም እንዳትነግሪ” አልኳት። እሷም ለማንም አልተናገረችም። ያን ያህል ዓመት ይዛው ኖራ ነው እዚያ መድረክ ላይ ያወጣችው።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አንዲት አሮጊት ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን የታየኝ የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ግርማ እጅ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እጅ ላይ። እትዬ አስቴር እንግሊዝኛ ስለማትችል ምንም አልገባትም፤ “ጎበዝ፣ ድምጿ ያምራል” አለችኝ። ሜሮን ወደ እኔ መጥታ ፊቴን አየችው። የምትጠብቀው ነገር ነበር። አንድ ቃል ብላት ይበቃት ነበር። እኔ ግን “ሂጂ መኪናውን እዪው፣ እንዳይወስዱት” አልኳት። ሄደች።

ሽበታሟ ሴት የመጣችው ያኔ ነው። “እናቷ ነሽ?” አለችኝ። ነኝ አልኩ። ኤጀንት መሆኗን ነገረችኝ። አውሮፕላን እንደሚያመልጣት፣ ሜሮንን መጠበቅ እንደማትችል፣ ግን መጽሐፉን በሙሉ ማንበብ እንደምትፈልግ ቀስ እያለች አስረዳችኝ። ካርዷን እጄ ላይ አድርጋ፣ “በዚህ ሳምንት ትላክልኝ፤ ንገሪያት” አለች። እነግራታለሁ አልኳት። ሁለት ጊዜ ነው እነግራታለሁ ያልኳት።

“ምን ሰጠችሽ?” አለች እትዬ አስቴር።

“የልብስ ንጽሕና መስጫ ማስታወቂያ ነው” አልኳት።

“ለአንቺ? ቆሻሻ ለብሰሽ አይታ ነው?” ብላ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እንዴት ሳቅሁ?

ሜሮን እየሮጠች ተመለሰች። መኪናው ደህና ነው አለች። ከዚያ ዓይኗ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። “የጠየቀኝ ሰው አለ?” አለችኝ። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ፤ ሌላ ጊዜ ለእኔም በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልስልኝ።

“ማንም አልመጣም” አልኳት።

ካርዱን ቤት ስገባ ቀደድኩት፤ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ጣልኩት። ስሟን አላነበብኩም። ዛሬ ብፈልጋት እንኳ ማን ብዬ እፈልጋታለሁ? ያን ጊዜ ለራሴ፣ ቤቴን ጠበቅሁ፣ ልጄንም ከከንቱ ተስፋ አዳንኳት አልኩ። ውሸት ነው። የጠበቅሁት ራሴን ነው። ሐሜት ፈርቼ በዘጠኝ ዓመቷ ሸክሜን አሸከምኳት፤ ሐሜት ፈርቼ ስታድግ አፏን ዘጋሁት። ሰው ልጁን ሁለት ጊዜ እንዲህ ያደርጋል? እኔ አደረግሁ።

ሜሮን ከዚያ ወዲህ ለአንድም ኤጀንት አልላከችም። “ፊት ለፊት ሰምተውኝ ካልፈለጉኝ በቃ” አለች። ደብተሯን የት እንዳደረገችው አላውቅም። የፍሪድሊውን ፋብሪካ ትታ ኢገን በምትባል ከተማ ቢሮ ገባች፤ ኢንሹራንስ ያለው ሥራ ነው፣ እንደ ምኞቴ። ጠዋት ትወጣለች፣ ማታ ትገባለች፣ ሳህኗን አጥባ ክፍሏን ትዘጋለች። ልጄ አጠገቤ እያለች ቤቱ ባዶ ሆነ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ሥራ አገኘሁ ብላ ወደ አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ ወደ ዌስት ኮስት ሄደች። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

የመጨረሻው እሑድ እንደገና መጻፍ መጀመሯን ነገረችኝ። ድምጿ እንደ ድሮው ነበር። መናገሪያዬ ያኔ ነበር። አንዲት ሴት ፈልጋሽ ነበር፣ የደበቅሁብሽ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔ ያልኳት ይህንን ነው፦ “አሁንም እዚያው ነሽ? ያን ቀን ያ ሁሉ ሰው ሰምቶሽ አንድ እንኳ የፈለገሽ ነበር?”

በራሴ ውሸት መታኋት። “ኦኬ፣ ማሚ” አለችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ አልደወለችም። ስደውል ቁጥሩ አይሠራም። በነበረኝ አድራሻ የላክሁት ደብዳቤም ተመለሰ። ግርማ “ምን አልሻት?” ይለኛል። ምንም አላልኳትም እለዋለሁ። ይህን ሲያነብ ሁሉንም ያውቃል፤ የሞተውን ልጃችንንም ያውቃል። ይፍረድብኝ። አልተማርኩም፣ ፈራሁ፣ እናት ነኝ ብዬ የማመልጥበት የለም። የፈረንጅ ቋንቋ ባይገባኝም “ንገሪያት” የተባልኩት ገብቶኛል።

ሜሮን ግርማ ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ረጅም ናት፣ ግራኝ ናት። መጨረሻ የሰማሁት ሲያትል ነው። አይታችኋት ከሆነ፣ ወይም የሚያውቃትን የምታውቁ ከሆነ፣ በደህና መኖሯን ብቻ ንገሩኝ።