የማን ልጅ ነሽ?

ይህን ለባለቤቴ እስካሁን አልነገርሁትም። እናንተ አታውቁኝምና ልንገራችሁ።

ልጄ ቤዛ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። የሰማችውን ትደግማለች እንጂ ለጥያቄ መልስ ሰጥታ አታውቅም ነበር። የንግግር ባለሙያዋ «ጠይቋትና ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ እናንተ እንዳትመልሱላት» ብላናለች። ስለዚህ ባለቤቴ ከሥራ በገባ ቁጥር በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ «የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። በልቡ እስከ አሥር ይቆጥራል። መልስ የለም፤ ስሟት ይነሳል።

ባለፈው ቅዳሜ ቤዛን ይዤ ወደ ዘጌ በጀልባ ተሳፈርሁ። ባለጀልባው «ሞልቷል! ሞልቷል!» ሲል ሰምታ ኖሮ፣ እሱ ዝም ካለ በኋላም እጇን እያርገበገበች «ሞልቷል!» ማለቷን አላቆም አለች። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ ኋላ ግን ዝም ብሎ ያየን ጀመር። ፊቴ ጋለ። አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ጎንበስ ብለው «የማን ልጅ ነሽ፣ የኔ እመቤት?» አሏት።

መጠበቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ቀደምሁና «የጎረቤት ልጅ ናት፣ እማማ» አልሁ።

«አይ፣ ለእናቷ እግዜር ጽናቱን ይስጣት» አሉ።

«አሜን» አልሁ።

ከሰዓት ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ቀድሞን ገብቷል። እንደ ልማዱ ቁጢጥ ብሎ ጠየቃት። ቤዛ ጫማዋን እያየች፣ ጥርት አድርጋ «የጎረቤት» አለች።

ባለቤቴ ብድግ አድርጎ አቀፋት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰማሽ? መለሰች እኮ! ግን ይህን ማን አስተማራት?»