የሞንታርቦው ጋሩማ እና «የዲዴሳ እንባ»

ነቀምቴ ውስጥ ጋሩማን በመልኩ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ድምፁን የማያውቅ ግን የለም። ባጃጁ ጣሪያ ላይ ሞንታርቦ አስሮ፣ አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ እየለዋወጠ፣ የክትባት ዘመቻውንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ኮንፈረንስም፣ መብራት የሚጠፋበትን ቀንም ይለፍፋል። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን የፊልም ቅስቀሳ ነበር።

ምክንያትም ነበረው። በወጣትነቱ ቪዲዮ ቤት ሠርቷል። የህንድ ፊልም ሲታይ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ለተመልካቹ የሚተረጉመው እሱ ነበር። ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም። የተዋናዮቹን ፊት እያየ የሚሉትን ይገምታል፤ እናትየዋ ስታለቅስ እሱም ድምፁ ይሰበራል፣ አግዳሚ ላይ የተደረደረው ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይጠርጋል። ሚስቱን ኡርጂን የተዋወቃት እዚያ ነው። ፊልሙ አልቆ ስትወጣ፣ «አንተ የፈጠርከው ይበልጣል» አለችው። ፊልም ማለት ለጋሩማ ያ ነበር፦ የማያውቁት ሰው ሐዘን የራስ ሐዘን ሲሆን።

ቪዲዮ ቤቶቹ ከተዘጉ በኋላ ከአዲስ አበባ እየመጡ አዳራሽ ተከራይተው ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ለቅስቀሳ ይጠሩት ጀመር። መጀመሪያ ደስ ብሎት ሠራ። እያደር ግን ነገሩ ከነከነው። ፖስተሩ ላይ «ከመቀመጫዎ የሚያስነሳ» ይላል፤ ውስጥ ስትገባ ሰዎች አንድ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይጯጯሃሉ። ሀብታሙ ልጁን አያውቀውም፣ ልጁ ሳያውቅ እህቱን ሊያገባ ነው፣ አንዷ ደግሞ ሆስፒታል ተኝታለች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ፊልም ይመጣል፤ ሶፋው ብቻ ተቀይሯል። ልብስ ሰፊው ገመቺስ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር፣ «ጋሩማ፣ ያንተ ድምፅ ባይኖር ማን ይገባ ነበር?» እያለ ይተርበዋል። ጋሩማ ይስቃል፤ ቤት ሲገባ ግን ለኡርጂ፣ «ተሳደበ ወይስ አመሰገነ?» ይላታል።

ታረቀኝ የሚባለው ፕሮዲዩሰር «የዲዴሳ እንባ» ለሚባል ፊልም ቀረጻ ነቀምቴ ሲመጣ ግን ጋሩማ እንደ ልጅ ፈነደቀ። «ጋሩሜ፣ ይሄ ስለ እናንተ ነው» አለው ታረቀኝ ትከሻውን ይዞ። «ወለጋን እስከ ዛሬ በፊልም ያሳየ የለም። አንተ ቦታ ምራን።»

የድሮ ቤት ይፈልጉ ነበር። ጋሩማ ወደ ኡኬ ይዟቸው ሄደ፣ ሰው በአክብሮት «አዴ» የሚላቸው ቀለሟ ዘንድ። አዴ ቀለሟ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰንበት የማያጓድሉ፣ በማንጎ ዛፎች መካከል የእንጨት በረንዳ ያለው ሰፊ ቤት ያላቸው ሴት ናቸው።

«ቤቴ ምን ሊሆን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የአንዲት ደግ እናት ቤት» አላቸው ታረቀኝ። ጋሩማ ወደ ኦሮምኛ መለሰላቸው፣ ከራሱም «እንደ እርስዎ ያለች እናት» ብሎ ጨመረበት።

እሳቸውም እህታቸው ቤት እያደሩ ቤቱን ለቀቁላቸው። ቀረጻው እስኪያልቅ ጩምቦ የሚባለውን የወለጋ ቂጣ በቅቤ እያራሱ አበሏቸው። በመጨረሻው ቀን ታረቀኝ፣ «እሳቸውንም እንቅረጻቸው፣ ልጅቷን ይመርቋት» አለ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ተዋናይት በረንዳው ላይ ተንበረከከች፤ አዴ ቀለሟ እጃቸውን በራሷ ላይ አድርገው፣ «ሆሪ፣ ቡሊ» አሏት፤ ሀብት ይብዛልሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ ማለታቸው ነው። ማንም ሳያዝዛቸው እንባቸው ወረደ። ከካሜራው ኋላ የቆመው ጋሩማም አብሯቸው አለቀሰ። ይሄ ነው ፊልም አለ በሆዱ።

የፊልሙ ምረቃ ቀን ሲቃረብ እንደዚያ ጊዜ ለፍፎ አያውቅም። ዲጋን አዳረሰ፤ መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን ሞንታርቦውን ሚኒባስ ላይ ጭኖ ኑኑ ቁምባ ደረሰ። «ወለጋ ራሷን የምታይበት ፊልም! ቤታችሁን፣ ቋንቋችሁን፣ እናታችሁን የምታዩበት!» ማንም ይህን በል አላለውም። ከልቡ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ከኡኬ ብቻ አንድ ሙሉ ሚኒባስ መጣ። አዴ ቀለሟ ፊልም አይተው አያውቁም፤ የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው ነበር፤ ጋሩማ እጃቸውን ይዞ ፊት ለፊት አስቀመጣቸውና ከጎናቸው ተቀመጠ።

ተራራ ከላይ ወደ ታች ታየ፣ ሙዚቃ ጮኸ። ከዚያ ወንዝ መጣ። ዲዴሳ አልነበረም። ጋሩማ ዲዴሳን ያውቀዋል፤ ይሄ ሰው በአንድ እርምጃ የሚሻገረው ጅረት ነው። ይሁን አለ። የወለጋዋ ልጅ ናት የተባለችው ተዋናይት አፏን ስትከፍት ኦሮምኛዋ በስልክ እንደሚሰማ የተቀዳ መልእክት ሆነ፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ይሁን አለ እንደገና።

ቤቱ ሲታይ የኡኬ ሰዎች፣ «የአዴ ቀለሟ ቤት!» ብለው አጨበጨቡ። አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ፈገግ አሉ። በሩ ተከፈተ። ውስጡ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ የእንስሳ ራስ ቅል ተሰቅሏል፣ አንድ ፊቱን ቀለም የተቀባ ሰው ሳህን ሙሉ ደም ይዞ ይወዛወዛል። የጠንቋይ ቤት ነው። ልጅቷ ተንበርክካለች። የአዴ ቀለሟ እጅ ብቻ ጭንቅላቷ ላይ ይታያል፤ ድምፃቸው እንደ ዋሻ እያስተጋባ፣ «ሆሪ፣ ቡሊ» ይላል። ከሥሩ በአማርኛ ተጽፏል፦ «ሙቺ፣ ጥፊ»።

የአዳራሹ ሰው ገሚሱ በሳቅ ፈነዳ፣ ገሚሱ ጮኸ። አንዱ ከኋላ፣ «ምርቃት እኮ ነው፣ እናንተ ደንቆሮዎች!» አለ። አዴ ቀለሟ አማርኛውን ማንበብ አይችሉም።

«ጋሩማ፣ ኢልማ ኮ» አሉት ቀስ ብለው፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «ያ የማን ቤት ነው?»

እሳቸው መልሱን አልጠበቁም፤ ተነሥተው በጨለማው ግድግዳውን እየዳበሱ ወጡ።

ውጪ ሲከተላቸው ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተዋል። አዳራሹ በር ላይ ግን ታረቀኝ ካሜራ አስቁሞ የሚወጣውን ሰው አስተያየት ያስቀርጽ ነበር። «ጋሩሜ፣ ና፣ አንተ ተናገር! ሰዉ ያንተን ድምፅ ያምናል።»

ጋሩማ ማይኩን ተቀበለው። «እንዲህ ያለ ፊልም በሕይወቴ አይቼ አላውቅም» አለ። «ሰው ቤቱን ለቆ፣ አብልቶ፣ መርቆ ሲሸኛችሁ ምርቃቱን እርግማን የምታደርጉ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ወንዙ ውሸት፣ ቋንቋው ውሸት፣ እንባው ብቻ የእውነት ነበር፣ እሱንም ሰረቃችሁት!»

ታረቀኝ አልተቆጣም። «ፊልም ነው እኮ፣ ጋሩሜ» አለው። «ግጭት ያስፈልገዋል። ደግ እናት ማን ያያል?»

በሳምንቱ ገመቺስ ስልኩን ዘርግቶ አሳየው። የፊልሙ ማስታወቂያ ነው። ሰዎች እየተፈራረቁ ያደንቃሉ፤ መጨረሻ ላይ ጋሩማ ዓይኑ ቀልቶ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ብቅ ይላል፦ «እንዲህ ያለ ፊልም በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።» እዚያ ላይ ተቆርጧል። ከሥሩ «ተመልካቹን በእንባ ያራጨ» ይላል።

ጋሩማ ደጋግሞ ደወለ፣ ታረቀኝ አላነሳም። ኡርጂ፣ «ተወው፣ ሰው ይረሳዋል» ብትለውም እንቅልፍ እምቢ አለው። በገበያ ቀን ባጃጁን አስነሥቶ ኡኬ ሄደ። አዴ ቀለሟ በረንዳው ላይ አልነበሩም፤ ጓሮ ሆነው ድንች ይኮተኩታሉ። ቀና ብለው አላዩትም።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ።

«ዘመዶቼ እንኳ በሬ ላይ ሲደርሱ ይሳሳቃሉ» አሉት። «ቤተ ክርስቲያን ስገባ አንዷ፣ ‹ራስ ቅሉ የት ሄደ?› አለችኝ። በዚያ በምትጮህበት ነገር ይህን ስም አምጥተህብኛል፤ በዚያው ውሰድልኝ።»

እሱም ገበያው መሐል ቆሞ ሞንታርቦውን ከፈተ። በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «የአዴ ቀለሟ ቤት የጠንቋይ ቤት አይደለም! ‹የዲዴሳ እንባ› የሚባለው ፊልም ውሸት ነው! ምርቃታቸውን እርግማን ብሎ ተርጉሟል!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ለፈፈ። በርበሬ የሚሸጡት ሴቶች አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አንዷ ከልቧ፣ «ይበል!» አለችው። ደስ ሊለው ሲል ጎረምሶች ባጃጁን ከበቡት።

«ጋሼ፣ ይሄ ፊልም የት ይገኛል?»

«ውሸት ነው አልኩ እኮ!»

«እሱማ ገባን። ግን የት ይገኛል? በቴሌግራም ይገኛል?»

ጋሩማ ሞንታርቦውን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ኡኬ ውስጥ ፊልሙን ያላየ ወጣት አልቀረም ይባላል። «የዲዴሳ እንባ» ለሁለተኛ ዙር ነቀምቴ ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ግን ቅስቀሳውን የሠራው ከአዲስ አበባ ተቀድቶ የመጣ ድምፅ ነው፤ ከተማዋንም በድሮ ስሟ «ለቀምት» እያለ ይጠራል። አዳራሹ ዳግመኛ ሞላ።

አዴ ቀለሟ በረንዳውን አስፈርሰው ግቢውን በቆርቆሮ አሳጠሩ። ቤቱ አሁን ከመንገድ አይታይም። ጋሩማ ሲያልፍ ጥሩንባ ያሰማል፤ አንዳንዴ ከአጥሩ በላይ እጃቸው ብቅ ይላል፣ አንዳንዴ አይልም።

ባለፈው ሰሞን፣ ለክትባት ቅስቀሳ ወደ ዲጋ ሊወጣ ሲል፣ ታረቀኝ በማያውቀው ቁጥር ደወለለት።

«ጋሩሜ፣ ያለፈውን እርሳው። ይሄኛው ግን የተለየ ነው። ሰምተህ የማታውቀው ታሪክ! ከአሁኑ ማስወራት ጀምርልኝ።»

«አየኸው?» አለው ጋሩማ።

«ገና ተቀርጾ መቼ አለቀና!»

«ታዲያ የተለየ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ታረቀኝ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ጋሩማ ስልኩን ዘጋና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ባጃጁን አስነሥቶ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲያመጡ እናቶችን እየለመነ ወደ ዲጋ ወጣ።